«ትኩሳት የለውም» ብላችሁ አትዘናጉ፦ የሳምባ ምችና የሰውነታችን መልእክተኞች

«ትኩሳት እኮ የለውም፤ ታዲያ ምን ይሆናል?»

ይህን አባባል በነርስነት ባሳለፍኳቸው ከ30 የሚበልጡ ዓመታት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት እግዜር ይወቀው። አንዳንዴ የምትለው ሕፃን ያዘለች እናት ናት፤ አንዳንዴ ደግሞ አረጋዊ አባቱን ደግፎ የመጣ ጎልማሳ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም «ሲስተር፣ እስቲ እዪልን» እያሉ በሬን የሚያንኳኩ ጎረቤቶቼ አልተዉትም። ግንባር ይዳሰሳል፣ ካልፈጀ ልብ ያርፋል፣ ሐኪም ቤት መሄዱም ለነገ ይባላል። በሳምባ ምች ጊዜ ግን ይህች የአንድ ቀን ቀጠሮ ሰው ታሳጣለች።

ለመሆኑ ትኩሳትን የሚያመጣው ማን ነው? ጀርሙ ነው ወይስ እኛው ራሳችን? አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ከያዛቸው ሁለት ሰዎች አንዱ እንደ እሳት ሲነድ ሌላው ለምን ቀዝቅዞ ይተኛል? የዛሬው ጨዋታችን በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ነው። መልሱ ያለው የሰውነታችን ሕዋሳት እርስ በርስ በሚላላኩባቸው፣ በዓይን በማይታዩ ንጥረ ነገሮች ዘንድ ነው። በሕክምናው ቋንቋ ሳይቶካይን ይባላሉ። ስማቸው ቢከብድም ሥራቸው ቀላል ነው፤ ወላጅም አያትም ቢያውቃቸው ይጠቀማል።

ምች እና የሳምባ ምች

በአገራችን «ምች» ስንል ብዙ ነገር ማለታችን ነው። ፀሐይ መትቶት ራሱን ያመመውም፣ ከንፈሩ ላይ ውኃ የቋጠረ ቁስል የወጣበትም «ምች መታው» ይባላል። ዳማከሴ ይጨመቅለታል፣ ተሸፋፍኖ እንዲያልበው ይደረጋል። የሳምባ ምች ግን በስም ይመሳሰል እንጂ ሌላ ነገር ነው። የሳምባን የውስጥ ክፍል የሚይዝ ኢንፌክሽን ነው። ቫይረስም ባክቴሪያም ያመጣዋል። ከባክቴሪያዎቹ ውስጥ ዋነኛው ኒሞኮከስ የሚባለው ነው። ይህ ባክቴሪያ በጤነኛ ሰው፣ በተለይም በሕፃናት አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ምንም ሳያደርግ ሊኖር ይችላል። አደጋው የሚመጣው ወደ ሳምባ ወርዶ መራባት ሲጀምር ነው።

ስለ ስም ካነሳን አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። የጥንት ሐኪሞች በኒሞኮከስ የሳምባ ምች የተያዙ ሰዎች ከንፈራቸው ላይ ያ የምናውቀው ምች ብዙ ጊዜ እንደሚወጣባቸው አስተውለው ነበር። የከንፈሩ ቁስል የሚመጣው በነርቭ ውስጥ ተኝቶ ከሚኖር ቫይረስ ሲሆን፣ ሰውነት በሌላ ከባድ ሕመም ሲጨነቅ ይነቃል። ስለዚህ ትኩሳትና ሳል ያለበት ሰው ከንፈሩ ላይ ምች ሲወጣ ዳማከሴውን ቀብቶ ዝም ማለት አይበቃም፤ አተነፋፈሱንም ማየት ያስፈልጋል።

ዘበኞቹ ዝም ሲሉና ሲጮኹ

ሳምባችን ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ግድግዳቸው እጅግ ስስ ስለሆነ ኦክስጅን በዚያ በኩል አልፎ ወደ ደም ይገባል። በእነዚህ ከረጢቶች ውስጥ እንደ ዘበኛ የሚዘዋወሩ ሕዋሳት አሉ፤ ማክሮፌጅ ይባላሉ። አቧራውን፣ ጥቀርሻውን፣ ተኝተን ሳለ ከጉሮሯችን ሾልኮ የወረደውን ጥቂት ባክቴሪያ እየዋጡ ያጠፋሉ። ይህን ሥራ የሚሠሩት በዝምታ ነው። ለእያንዳንዷ ቅንጣት እርዳታ ቢጠሩ ኖሮ ዓመቱን ሙሉ ታመን በኖርን ነበር።

ኒሞኮከስ ግን ቀላል እንግዳ አይደለም። ዙሪያውን የሚያሟልጭ የስኳር ካባ ለብሷል፤ ዘበኛው ሊይዘው ሲል ያመልጠዋል። ቁጥሩ ከዘበኞቹ አቅም በላይ ሲሆን ማክሮፌጁ የባክቴሪያውን ቁርጥራጮች በገጹ ላይ ባሉ መቀበያዎች ለይቶ ያውቅና እርዳታ ይጠራል። የጥሪው ድምፅ ሳይቶካይን ነው።

ሰፈር ውስጥ ቤት ሲቃጠል «ኡኡ» ይባላል። ጩኸቱን የሰማ ሁሉ ባልዲውን ይዞ ይሮጣል። በሳምባ ውስጥም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ እያንዳንዱ ጩኸት የተለየ ሰው የሚጠራ መሆኑ ነው።

ቲኤንኤፍ እና ኢንተርሉኪን 1 የሚባሉት ቀድመው ከሚወጡት ናቸው። በአቅራቢያው ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች «በር ክፈቱ» ይሏቸዋል። የደም ሥሩ ግድግዳ ይላላል፣ ውስጡም ይጣበቃል፣ የሚያልፉ ነጭ የደም ሕዋሳት ተይዘው ይቆማሉ። ኢንተርሉኪን 8 ደግሞ መንገድ መሪ ነው። ኒውትሮፊል የሚባሉት ተዋጊ ሕዋሳት የእሱን ዱካ ተከትለው ባክቴሪያው ወዳለበት ከረጢት ይገባሉ። ሌላ መልእክተኛ ወደ አጥንት መቅኔ ሄዶ «ተጨማሪ ተዋጊ አምርቱ» ይላል። በላቦራቶሪ ውጤት ላይ «ነጭ የደም ሕዋስ ጨምሯል» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ኢንተርሉኪን 6 ወደ ጉበት መልእክት ያደርሳል። በመጨረሻም ኢንተርሉኪን 10 የሚባል አለ፤ የእሱ ሥራ «ይበቃል፣ አሁን ተመለሱ» ማለት ነው።

እሳት ለማጥፋት የተረጨ ውኃ የቤቱን ዕቃ እንደሚያበላሸው ሁሉ ይህም ውጊያ ዋጋ አለው። በላላው የደም ሥር በኩል የሚሾልከው ፈሳሽና የሚመጡት ሕዋሳት የአየር ከረጢቶቹን ይሞላሉ። በራጅ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ይኸው ነው። ኦክስጅን ማለፊያ ያጣል፣ ሰውየውም የጎደለውን ለማሟላት ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። የምናየውን ሳል፣ አክታ፣ የትንፋሽ ማጠር የሚያመጣው ባክቴሪያው ብቻ አይደለም፤ የእኛም መከላከያ እጁ አለበት።

ትኩሳቱ የራሳችን ነው

ኢንተርሉኪን 1፣ ኢንተርሉኪን 6 እና ቲኤንኤፍ በደም ተጉዘው አንጎል ሥር ወዳለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ይደርሳሉ። በዚያም ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር እንዲመረት ያደርጋሉ። መቆጣጠሪያው 37 ላይ የነበረውን ልክ ወደ 39 ከፍ ያደርገዋል እንበል። ያኔ ሰውነት 37 ላይ ሆኖ ሳለ ራሱን እንደበረደው ይቆጥራል። ስለዚህ ይንቀጠቀጣል፣ ጋቢ ላይ ጋቢ ያስደርባል። ትኩሳቱ ከመጣ በኋላ ብርድ ብርድ ማለቱ ይተዋል።

ይህ የሰውነት ስህተት አይደለም። ሙቀት ሲጨምር ብዙ ጀርሞች እንደልብ አይራቡም፣ ነጭ የደም ሕዋሳትም ሥራቸውን ያፋጥናሉ። እንቅልፍ እንቅልፍ ማለቱና ምግብ መዝጋቱም የእነዚሁ መልእክተኞች ሥራ ነው። የታመመ ልጅ «አልበላም» ሲል አመል ሆኖበት አይደለም።

ፓራሲታሞል የሚሠራው ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት በማድረግ ነው። ባክቴሪያውን አንድም አይነካውም። ልጁ ትኩሳቱ ቀለል ብሎለት ውኃ እንዲጠጣ፣ እንዲያርፍ መስጠቱ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሙቀቱ ስለወረደ በሽታው ወረደ ማለት አይደለም። ፓራሲታሞል ወስዶ ግንባሩ የቀዘቀዘ ልጅ አሁንም ቶሎ ቶሎ የሚተነፍስ ከሆነ በሽታው እዚያው አለ። አስፒሪን ደግሞ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለልጅ አይሰጥም።

ወደ ጉበት የሄደውን መልእክት አንርሳው። ጉበት በኢንተርሉኪን 6 ትእዛዝ ከሚያመርታቸው ፕሮቲኖች አንዱ ዛሬ በየክሊኒኩ የሚታዘዘው ሲአርፒ ነው። ታሪኩ ከሳምባ ምች ጋር የተሳሰረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930 ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ዊሊያም ቲሌት እና ቶማስ ፍራንሲስ የተባሉ ተመራማሪዎች በኒሞኮከስ የታመሙ ሰዎችን ደም ሲመረምሩ፣ «ሲ» ብለው ከሰየሙት የባክቴሪያው ክፍል ጋር የሚጣበቅ ነገር አገኙ። ሰዎቹ ሲድኑ ነገሩ ከደማቸው ይጠፋል። ስሙም ከዚያ ወጣ። ዛሬ «ሲአርፒው ከፍ ብሏል» ሲባል መልእክተኞቹ ጉበት ደርሰዋል ማለት ነው። ሰውነት በሌላ ምክንያት ሲቆጣም ስለሚጨምር ለብቻው የሳምባ ምች ማረጋገጫ አይሆንም። በሕመሙ መጀመሪያ ሰዓታት ዝቅ ብሎ ሊገኝም ይችላል።

ሁለት አልጋዎች

በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል የማልረሳቸው ሁለት ሕሙማን ነበሩ። አንዱ በ20ዎቹ ዕድሜ ያለ የቀን ሠራተኛ ነው። ሙቀቱ ከ39 በላይ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ፣ ጎኑን ይዞ እያቃሰተ ገባ። አጠገቡ የተኙት አባት ከ75 ዓመት በላይ ናቸው። ሙቀታቸው 36 ተኩል ነበር። ብዙም አያስሉም። ልጃቸው «እርጅና ነው፤ ሦስት ቀን ሆናቸው፣ ምግብ ትተዋል፣ የማይሆን ነገር ይናገራሉ፣ እኔንም በሞተው ወንድማቸው ስም ይጠሩኛል» አለኝ። ትንፋሻቸውን ስቆጥር በደቂቃ ከ30 አልፎ ነበር። የሁለቱም ራጅ የሳምባ ምች መሆኑን አሳየ።

ወጣቱ በሳምንት ውስጥ በእግሩ ወጣ። አባት ግን በኦክስጅን ብዙ ቀን ተኝተው፣ ኩላሊታቸውም ተነክቶ፣ በስንት መከራ ተረፉ። የልጃቸው ጥፋት አልነበረም። ትኩሳት የሚባለው ደወል ባለመደወሉ እንጂ እንደ ልጅ አባቱን የሚወድ ሰው ነበር።

ደወሉ የማይሰማባቸው

ዕድሜ ሲገፋ የመልእክት ሥርዓቱ ይለወጣል። በአንድ በኩል ብዙ አረጋውያን ሳይታመሙም በደማቸው ውስጥ ያለው የኢንተርሉኪን 6 መጠን ከወጣቶቹ ከፍ ያለ ነው፤ ሰውነት ሁልጊዜ በትንሹ እየጮኸ ይኖራል። በሌላ በኩል እውነተኛ አደጋ ሲመጣ ሕዋሳቱ ለጥሪው የሚሰጡት ምላሽ ይዘገያል። ኒውትሮፊሎቹም ዱካውን ስተው ይንከራተታሉ። አንጎል ውስጥ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያም እንደ ድሮው አይታዘዝም። ስለዚህ ትኩሳት ላይኖር ይችላል። በአንጻሩ ሌላው የአንጎል ክፍል በመልእክተኞቹና በኦክስጅን እጥረት ይታወካል። ግራ መጋባት፣ መቃዠት፣ ድንገት መውደቅ፣ ከአልጋ መነሳት አለመቻል፣ ምግብ መተው ይመጣል።

ሐኪሞች የአዋቂን የሳምባ ምች ክብደት ከሚመዝኑባቸው 5 ነጥቦች አንዱ ይኸው ግራ መጋባት ነው። ሌሎቹ በደቂቃ 30 እና ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ የደም ግፊት መውረድ፣ በደም ውስጥ ዩሪያ መጨመርና ዕድሜ 65 መድረስ ናቸው። ልብ በሉ፤ ትኩሳት ከ5ቱ ውስጥ የለም።

በሌላው የዕድሜ ጫፍ ያሉት ጨቅላዎችም እንዲሁ ናቸው። 2 ወር ያልሞላው ሕፃን በከባድ ኢንፌክሽን ጊዜ በማተኮስ ፋንታ ሊቀዘቅዝ ይችላል። የሰውነቱ ሙቀት ከ35.5 በታች ከሆነ የአደጋ ምልክት ነው። በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅም ተዋጊ ለማምረትና መልእክት ለመላክ አቅም ስለሚያጣ፣ ሳምባው ተይዞም ትኩሳት ላያሳይ ይችላል። ኤች አይ ቪ ያለበትና ሕክምና ያልጀመረ ሰው፣ ለረጅም ጊዜ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ከእነዚህ ይመደባል።

ጩኸቱ ሲበዛ

ችግሩ የደወል ማነስ ብቻ አይደለም። አንዳንዴ ሰውነት መጮህ ይጀምርና ማቆም ያቅተዋል። ባክቴሪያው ከሳምባ አልፎ ወደ ደም ሲገባ፣ በሳምባ አካባቢ ብቻ መከፈት የነበረበት የደም ሥር በመላ ሰውነት ይላላል። ፈሳሽ ይሾልካል፣ የደም ግፊት ይወርዳል፣ ኩላሊትና ልብ ይጎዳሉ። የደም መመረዝ የምንለው አንዱ ይህ ነው።

«እንግዲያው መልእክተኞቹን ብናስቆማቸውስ?» ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ሳይንቲስቶችም ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቲኤንኤፍን የሚያስሩ መድኃኒቶች በደም መመረዝ ሕሙማን ላይ ተሞክረው የተጠበቀውን ውጤት ሳያስገኙ ቀሩ። በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ደግሞ ቲኤንኤፍ የታሰረባቸው አይጦች በኒሞኮከስ የባሰ ተጠቁ። «ይበቃል» ባዩን ኢንተርሉኪን 10 አብዝተው ሲሰጧቸውም እንዲሁ። ጩኸቱን ፈጽሞ ማፈን ቤቱን ለእሳቱ መተው ነው። የሚያስፈልገው ልክ ነው።

ልኩን በማግኘት ረገድ ጥሩ ዜናም አለ። በፈረንሳይ 800 ያህል በጽኑ የሳምባ ምች የታመሙ አዋቂዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት፣ ከመደበኛው ሕክምና በተጨማሪ ሃይድሮኮርቲዞን ካገኙት ውስጥ በ28 ቀናት የሞቱት 6.2 ከመቶ፣ ካላገኙት ደግሞ 11.9 ከመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ትልቅ ልዩነት ነው። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሌት ተቀን ክትትል ሲደረግላቸው የነበሩ ናቸው፤ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒታቸውንም አብረው ይወስዱ ነበር። በኢንፍሉዌንዛ ምክንያት የታመሙት በጥናቱ አልተካተቱም።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። በሰፈሬ አንዲት እናት ለአምስት ዓመት ልጃቸው ሳል ከአንድ መድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ዴክሳሜታዞን ገዝተው ሰጡት። ትኩሳቱ በዚያው ቀን ወረደ፣ ልጁም ተነስቶ መጫወት ጀመረ። «ፍቱን ነው» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ግን ጎኑ እየተሰረጎደ ሲተነፍስ አገኘሁትና ወደ ጤና ጣቢያ ይዘነው ሮጥን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፏል። መድኃኒቱ ያደረገው መልእክተኞቹን ዝም ማሰኘት ነው፤ ባክቴሪያው ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ሲራባ ነበር። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን በሐኪም እጅ ሕይወት ያድናሉ፤ በግምት ሲሰጡ ግን ሌባ በገባበት ቤት ውሻውን እንደማሰር ናቸው።

የኅዳር በሽታ ትምህርት

በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታት ወረርሽኝ «የኅዳር በሽታ» በሚል ስም በአያቶቻችን አፍ ኖሯል። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስቦ የማጠን ልማድም ከዚያ ዘመን ጋር ሲያያዝ ይነገራል።

በዚያ ወረርሽኝ በዓለም ዙሪያ ከሞቱት ሰዎች የሳምባ ናሙና ተጠብቆ የቆየው በኋላ ሲመረመር፣ አብዛኞቹን የገደለው በጉንፋኑ ላይ ተደርቦ የመጣው በባክቴሪያ የሚከሰት የሳምባ ምች እንደነበር ታውቋል። ለምን ተደረበ? አንዱ ምክንያት እነዚሁ መልእክተኞች ናቸው። ሰውነት ቫይረስን ለመዋጋት ኢንተርፌሮን የሚባለውን መልእክተኛ ይልካል። በአይጦች ላይ እንደታየው ከኢንፍሉዌንዛ በኋላ የሚበዛው ኢንተርፌሮን የሳምባውን ዘበኞች ባክቴሪያ የመዋጥ አቅም ያዳክማል። ለአንዱ ጠላት የተላለፈው ትእዛዝ ለሌላው በር ይከፍታል።

ለእኛ ያለው ትምህርት ግልጽ ነው። ጉንፋን ይዞት ተሽሎት የነበረ ልጅ ወይም አረጋዊ ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ከባሰበት «ጉንፋኑ አገረሸ» ብላችሁ አትለፉት፤ ይታይ። ስለ ማጠኑ ደግሞ፣ ልማዱን ባከብርም ሕፃናትንና አረጋውያንን ከጭሱ አርቁ። ጭስ የሳምባን ዘበኞች ያደክማል። የማገዶ ጭስም እንዲሁ ነው፤ ሕፃን አዝሎ ጭስ በሞላበት ማድ ቤት መዋል በየቀኑ የሚከፈል ዋጋ አለው። ብርድና መጋኛ ፈርታችሁ የዘጋችሁትን መስኮት በቀን ጥቂት ክፈቱት።

ቀድሞ የተላከ መልእክት

ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት በኒሞኮከስ የተያዘ ሰው ቁርጡ የሚታወቀው በሳምንቱ ገደማ ነበር። ወይ በላብ ተጠምቆ ትኩሳቱ በሰዓታት ውስጥ ይወርዳል፣ ወይ ይሞታል። አንድ ሳምንት የፈጀው ሰውነት ያንን የስኳር ካባ ለይቶ የሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ለማምረት ጊዜ ስለሚወስድበት ነው። ክትባት ይህን ሳምንት ያስቀርልናል። ሰውነት ጀርሙን ከወዲሁ ስለሚያውቀው ዘበኞቹ ገና በጥዋቱ ይይዙታል፤ ብዙ መጮህም አያስፈልግም።

ከ2 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ለዚያ የስኳር ካባ ብቻውን ጥሩ ምላሽ አይሰጡም። ስለዚህ የሕፃናቱ ክትባት ሲሠራ ስኳሩ ከፕሮቲን ጋር ተያይዞ ነው። ይህ ክትባት ወደ አገራችን መደበኛ ፕሮግራም የገባው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። የልጅ ልጆቻችሁን ካርድ ዛሬውኑ አውጥታችሁ እዩ። ልጆች ሲከተቡ ባክቴሪያውን ወደ አያቶቻቸው የማሻገራቸው ዕድልም ይቀንሳል። ውጭ አገር የምትኖሩ አረጋውያን ደግሞ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ለምሳሌ በአሜሪካ 65 ዓመት የሞላቸው የኒሞኮከስ ክትባት እንዲወስዱ ለብዙ ዓመታት ሲመከር ቆይቷል።

እቤት ምን እንይ?

ግንባር ከመዳሰስ ይልቅ ትንፋሽ ቁጠሩ። ልጁ ሳያለቅስና ጡት ሳይጠባ፣ ልብሱን ከፍ አድርጋችሁ፣ በስልካችሁ ሰዓት አንድ ሙሉ ደቂቃ ሆዱን ወይም ደረቱን እያያችሁ ቁጠሩ። ቶሎ ቶሎ ተነፈሰ የሚባለው፦

- 2 ወር ያልሞላው ሕፃን በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ (ደግማችሁ ቁጠሩ)፣
- ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለው 50 እና ከዚያ በላይ፣
- ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለው 40 እና ከዚያ በላይ ሲተነፍስ ነው።

ከዚህ ካለፈ ትኩሳት ኖረም አልኖረም በዚያው ቀን ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የበላውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ ያንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ያለ ልጅ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ይወሰድ።

ለአረጋውያን፦ ትናንት ያልነበረ ግራ መጋባት፣ ምግብ መተው፣ መውደቅ፣ የትንፋሽ መፍጠን፣ የከንፈር መጥቆር ካያችሁ «እርጅና ነው» አትበሉ። እርጅና በሦስት ቀን አይመጣም።

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲጀመር ትኩሳቱ ወዲያው ላይወርድ ይችላል። ባክቴሪያዎቹ ሲሞቱ ፍርስራሻቸው ራሱ መልእክተኞቹን ይቀሰቅሳል። በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ለውጥ ከሌለ ተመለሱ፤ ከባሰበት ግን ቀን አትቁጠሩ። ሲሻለውም መድኃኒቱን አታቋርጡ፣ ለወንድሙ ጉንፋን ብላችሁም አታስቀምጡ።

ከዳነ በኋላ ደግሞ መግቡት። እነዚያ መልእክተኞች በውጊያው ሰሞን ጡንቻ አፍርሰው ለጉልበት አውለውታል። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ይጥባ፤ ከፍ ያለው ልጅ አጥሚት፣ ገንፎ፣ እንቁላል፣ ሾርባ ከወትሮው አንድ ጊዜ ጨምሮ ይብላ። አረጋውያንም ጥቂት ጥቂት፣ ደጋግመው። ሳሉ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፤ እየቀነሰ ከሄደ አያስጨንቅ።

ዛሬ ማታ ልጁ ሲተኛ ወይም እማማ ሲያሸልቡ አንድ ጊዜ ትንፋሻቸውን ቁጠሩ። በጤናቸው ጊዜ ስንት እንደሆነ ያወቀ ሰው ሲታመሙ ለውጡን ቶሎ ይለያል። አንድ ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው። ጤና ይስጥልን።